መለኪያ ያዡ

በሀብሩ ምድር ፎቶ ያልተነሳ የማሽላ ራስ ካለ፣ ከወርቁ ተደብቆ ነው። ማጋነኔ አይደለም። ሰውየው በስምንት ዓመት ውስጥ ከግራና እስከ ውርጌሳ ያለውን ማሳ፣ ያማረውንም የታመመውንም፣ ቅጠል በቅጠል አንስቶ ጨርሶታል። ሥሩን አቀንጭራ የበላው ማሽላ ትፈልጋላችሁ? አለው። ትል የቦረቦረው አገዳ? እሱም አለ። አንበጣ የሰፈረበት ጤፍ? ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን፣ እንደ ሙሽራ አዟዙሮ አንስቶታል። እናቱ እማማ ደብሪቱ የጠየቁት አንድ ፎቶ ግን ጠፋ።

"የአዳነን ፎቶ አምጣልኝ" አሉት፣ ከስደት ተመልሶ ደጃቸው በደረሰ በማግሥቱ። "እርሜን ላወጣ ነው።"

አዳነ የወርቁ ታናሽ ወንድም ነው። በ2014 ኅዳር ላይ፣ ከግራና ወረድ ብሎ ባለው ማሳቸው ማሽላ ሲያጭድ ከባድ መሣሪያ ወድቆበት ሞተ። ከወዲያ ይተኮስ ከወዲህ፣ ማን ያውቃል? ያን ሰሞን ሰማዩ ያለ ባለቤት ነበር። ጎረቤታቸው ለይላ ነጠላዋን አውልቃ ሸፈነችው፤ ሦስት ሽማግሌዎች ተጣድፈው ሚካኤል ደጅ ቀበሩት። ድንኳን የለ፣ አልቃሽ የለ፣ ጮክ ብሎ ማልቀስ እንኳ ያስፈራ ነበር። እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ነው ያለቀሱት።

አሁን ጦሩ ወጥቶ መንገዱ ሲከፈት በወጉ ሊያለቅሱ ፈለጉ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ልቅሶ ላይ የሟቹ ፎቶ ይያዛል። እናት ደረቷ ላይ አስደግፋ ትይዘዋለች፣ አልቃሿ እያየችው ትገጥማለች፣ የመጣው ሰው ሁሉ ፊቱን አይቶ ያነባል። ሬሳው ከተቀበረ ከሰነበተ ደግሞ ፎቶው ነው ሬሳው። ያለ እሱ ምኑን ይዘው ያለቅሳሉ?

እንግዲህ ወርቁ ፎቶ አንሺ፣ ወንድሙ ስምንት ዓመት ሙሉ ማሳ በወጣ ቁጥር ከጎኑ የማይለይ። የሟች ፎቶ ከማንም ቤት ቢጠፋ ከዚህ ቤት ይጠፋል ብሎ የሚጠረጥር ሰው አለ? ለይላ እንኳ "እናንተማ ምን ቸገራችሁ፣ መምረጡ ነው እንጂ!" ብላ ነበር። ወርቁ ይህን ሲሰማ ላብ አጠመቀው።

እንዴት ሊጠፋ እንደቻለ ልንገራችሁ።

ወርቁ ገበሬ ነበር። አባቱ ሲሞቱ ዕርፍ የጨበጠው በአሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ሠላሳውን አልፎ እስኪሄድ ድረስ ከበሬዎቹ ኋላ አልተለየም። ማሽላ ገና ሳይታመም የሚያውቅ ሰው ነበር ቢባል ውሸት የለውም። ጠዋት ማሳው ዳር ቆሞ የቅጠሉን አወዳደቅ አይቶ "ይሄ ነገር አላማረኝም" ካለ፣ በሳምንቱ ለቅሶ ነው። ጎረቤቶቹ ምላሱን ይፈሩት ነበር።

አንድ ክረምት መጨረሻ ላይ ከወልድያ የሰብል ዘር ፕሮጀክት ሰዎች መጡ። ኃላፊያቸው ሽፈራው የሚባል፣ ጫማው ጭቃ የማይወድ ሰው ነው። ካሜራውን አንግቶ መንገድ ላይ እንደቆመ የወርቁን ማሳ ማንሳት ጀመረ። ወርቁ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረበትም።

"ጌታው፣ እዚያ ቆመው የሚያነሱት እንደሆነ አረንጓዴ ብቻ ነው የሚወጣልዎት" አለው። "በሽታው ከሥር ነው። በርከክ ይበሉና ይዩት።"

ሽፈራው ጭቃውን አየ፣ ሱሪውን አየ። "አንተው አንሳዋ!" ብሎ ካሜራውን ዘረጋለት። ሊቀልድበት ነበር።

ወርቁ በጉልበቱ ጭቃው ውስጥ ገብቶ፣ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ትሉ የገባበትን ቀዳዳና ከቀዳዳው የሚፈሰውን ዱቄት የሚመስል ነገር አነሳ። ካሜራ በእጁ ሲይዝ የመጀመሪያው ነው። ሽፈራው ፎቶውን ሲያየው ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። በሦስተኛው ወር ወርቁን ወልድያ ጠርተው አሠለጠኑት፤ ካሜራም ሰጡት። እሱም በሬዎቹንና መሬቱን ለአዳነ ትቶ ከተማ ገባ።

ይህ ወርቁን እንዴት እንዳኮራው! የተማሩት ሁሉ ሰብል ሲያዩ ቀለም ነው የሚያዩት፤ እሱ የሚያየው ረኃብና ጥጋብ ነው። አንድ ጊዜ ቢሮ ውስጥ የአቀንጭራን ወይን ጠጅ አበባ አይተው "ምን ያማረ አበባ! የካላንደሩ ሽፋን ይሁን" አሉ። "ያማረ? ይሄ እኮ የእናቴን ጎተራ ባዶ ያስቀረ ሌባ ነው!" ብሎ ጮኸባቸው። ሳቁበት፣ ግን ሽፋኑ ተቀየረ። ከዚያ ወዲያ በሰብል ጉዳይ የወርቁን ቃል የሚነካ አልነበረም።

ታዲያ አንድ ሕግ ነበረችው፣ ራሱ ያወጣት። ፎቶው ውስጥ ሰው አይገባም። "ሰው ከገባ ዓይን ሁሉ ወደ ሰው ይሄዳል፤ ማሽላውን ማን ያየዋል?" ይላል። እውነቱን ነበር። እውነቱ ነው እንግዲህ ኋላ ጉድ የሠራው።

ችግሩ ቁመቱ ነው። የሀብሩ ማሽላ ሰው ይውጣል፤ ቁመቱ እንዲታወቅ ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም የእንጨት መለኪያ ከጎኑ መቆም አለበት። መለኪያውን ደግሞ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ያዡ አዳነ ነበር። ወርቁ ከወልድያ በመጣ ቁጥር አዳነ ሥራውን ጥሎ አብሮት ማሳ ለማሳ ይዞራል። ወገቡን አጥፎ፣ ራሱን ወደ ጎን ቀልብሶ፣ እጁን ብቻ ዘርግቶ ይይዝለታል።

"ግባ... ኧረ ውጣ! ጆሮህ ገባ! ባርኔጣህን ወዲያ በልልኝ!"

"ወንድሜ፣ እኔ እኮ አረም አይደለሁም" ይለዋል አዳነ። ሳቂታ ነበር። እንዲህ ያለ ሳቂታ ሰው በዚያ ቀበሌ አልነበረም።

በ2013 ጥቅምት አንድ ቀን፣ ወርቁ ሊያነሳ ዓይኑን ካሜራው ላይ ደግኖ ሳለ፣ አዳነ ከማሽላው መሐል ራሱን ብቅ አድርጎ ጥርሱን ገለጠበት። ካሜራው ቀጭ አለ። ግንባሩ ላይ የማሽላ ቅጠል ተጣብቆበት፣ ዓይኑ በሳቅ ጠፍቶ፣ ሙሉ ፊቱ።

"አበላሸኸው!" አለ ወርቁ።

"ምኑን? እኔንም ይዩኛ፣ ምን ይጎድልብኛል?"

"አንተን አይቶ ማን ዘር ይመርጣል?"

ሚሞሪው ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ወርቁ እዚያው ቆሞ ፎቶውን አጠፋውና በቦታው ሌላ ማሽላ አነሳ። ይኸው ነው። አንድ ቁልፍ ነው የተጫነው።

በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ። ወርቁ ካሜራውንና ፎቶዎቹ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ ጋቢ ውስጥ ጠቅልሎ፣ ሰው እንደ ጆንያ የተጫነበት አይሱዙ ላይ ተሰቀለ። መኪናው መርሳ ላይ ሲቆም አዳነ መንገድ ዳር ይጠብቀው ነበር። በስልክ ሰምቶ ከመንደር ድረስ በእግሩ ገስግሶ ነው የመጣው።

"ውጣ!" አለው ወርቁ ከላይ። "እማንም እናምጣትና እንሂድ።"

"እማ ከቤቴ አልነቃነቅም ብላለች። እኔስ ማሽላው አበባ ላይ ደርሶ የት ነው የምሄደው? ወፍ ማን ይጠብቅልኛል?"

"ሰው ነፍሱን ይዞ ይሸሻል፣ አንተ ስለ ማሽላ ታወራለህ?"

"ኧረ አንተ ነህ እንዲህ የምትለኝ?" አዳነ ሳቀ። "ስምንት ዓመት ማሽላ ማሽላ ስትለን የኖርከው?"

መኪናው ሲንቀሳቀስ አብሮ እየሮጠ ጮኸ። "ጥር ላይ ለሰርጌ ድረስ! ያን ቀን ደግሞ ራሴን ቆርጠህ ሙሉወርቅን ብቻዋን እንዳታስቀራት!" ሙሉወርቅ እጮኛው ናት። መኪናው ላይ ያለው ሰው፣ ያ ሁሉ የተጨነቀ ሰው፣ ሳቀ።

ካሜራው በዚያች ሰዓት ወርቁ ጭን ላይ ነበር። የሚያሳስበው እንዳይነጠቅ ብቻ ነበር፤ ጋቢውን ፈትቶ ወንድሙን ማንሳት በሐሳቡም አልመጣም። ወይ ነዶ! ይህን ሲያስታውስ እስከ ዛሬ ጭኑን በቡጢ ይመታል።

ከደሴ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን መጠለያ፤ ስልክ የለ፣ ወሬ የለ። አራት ወር እንዲህ አለፈ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሲመለስ የሞቱን ወሬ የነገረው መርሳ መናኸሪያ ያገኘው የማያውቀው ሰው ነው። "የአዳነ ወንድም አይደለህ? እግዜር ያጥናህ" አለውና አለፈ።

እማማ ደብሪቱ ፎቶ ሲጠይቁት ታዲያ ወርቁ "እሺ" አለ። ምን ይበል? ወልድያ ሄዶ ጄኔሬተር ያለው ሰው ቤት ሃርድ ዲስኩን ከፍቶ መፈለግ ጀመረ። አራት ሺህ ሁለት መቶ ፎቶ። ማሽላ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ማሽላ። አዳነ በሁሉም ውስጥ ነበር፣ በአንዱም ውስጥ አልነበረም። እዚህ ክርኑ፣ እዚያ የባርኔጣው ጫፍ፣ አንዱ ላይ መሬት የወደቀ ጥላው። መለኪያው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይነበባል፣ ማሽላውም አቤት ማማሩ! ወርቁ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን የራሱን ሥራ ጠልቶ አያውቅም።

ሌላ ቦታም ፈለገ። መታወቂያውን አዳነ ራሱ አቃጥሎት ኖሯል፤ ታጣቂ ነህ እንዳይሉኝ ብሎ። ስልኩ የድሮዋ ባለ ቁልፍ ነበረች፣ ፎቶ የማታውቅ። ትምህርት ቤት እንዳይባል ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣው። ሙሉወርቅን ቢጠይቃት "ለሰርጉ ወንድሜ ያነሳናል እያለ እምቢ አለኝ" ብላ አለቀሰችበት። የጠፋችውን ፎቶ ያወጡልኝ እንደሆነ ብሎ ሚሞሪውን ደሴ ድረስ ይዞ ሄደ። ባለሙያው አገላብጦ አየና "በላዩ ላይ ሌላ ፎቶ ተጭኖበታል፣ አይወጣም" አለው። የተጫነበት ምን እንደሆነ ወርቁ አልጠየቀም። ያውቀዋል።

ልቅሶው የተቆረጠው ለአንድ የጥር እሑድ ነው፤ ሰርጉ ሊሆን የነበረበት ቀን። እማማ ደብሪቱ ቀኑን አልቀይርም አሉ። "ሰው ተጠርቷል፣ ይምጣ" አሉ። ሐዘን ሲበዛ እንዲህ ያናግራል።

ጠዋት፣ ድንኳኑ ሲተከል፣ ወርቁ በጨርቅ የጠቀለለውን ክፈፍ ለእናቱ ሰጣቸው። ፈቱት። ማሳ ነው። በቀኝ በኩል ቀይና ነጩ መለኪያ፣ መለኪያውን የጨበጠ አንድ እጅ፣ ከአንጓው ላይ የተቆረጠ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እጁ ነው፣ እማ።"

ጠጋ አድርገው አዩት። የአውራ ጣቱ ጥፍር የተሰነጠቀ ነው፤ ልጅ ሳለ መጥረቢያ ያገኘው። በጣታቸው ዳበሱት። "አዎን፣ እጁ ነው" አሉ። "ፊቱስ?"

ወርቁ የድንኳኑን ገመድ ያጠብቅ ጀመር።

"ፊቱስ ነው የምልህ? አንድ እንኳ የለም?"

"የለም" ብሎ መገላገል ይችል ነበር። ግን እናቱን ዓይን ዓይናቸውን እያየ መዋሸት አቃተው። "አንድ ነበረ፣ እማ። አጠፋሁት። ራሱን አስገብቶ ማሽላውን አበላሸብኝ ብዬ።"

እማማ ደብሪቱ አልጮኹም፤ ቢጮኹበት ይሻለው ነበር። ክፈፉን ጉልበታቸው ላይ አስተኙት።

"ይስቅ ነበር?"

"አዎ። ይስቅ ነበር።"

"ለሰው ነግረህ ልትገላገል አስበህ እንደሆነ ተወው" አሉት በመጨረሻ። "ለማንም እንዳትናገር። በልጄ ልቅሶ ላይ ሌላውን ልጄን አላስረግምም።" ከዚያ ተነሥተው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

ልቅሶው ደመቀ፤ ቢደምቅ ምን ያደርጋል። የአራት ወር ዕንባ የታፈነበት አገር ነው፣ የመጣው ሁሉ የራሱንም ሟች አብሮ አለቀሰ። እማማ ደብሪቱ የማሽላውን ፎቶ ደረታቸው ላይ ይዘው መሐል ቆሙ። ከሩቅ የመጡት መጀመሪያ ግር አላቸው፤ "ማሳ ነው እንዴ የያዙት?" ተባባሉ። እጁን ሲያሳዩአቸው ግን ጩኸቱ ባሰ። አልቃሿ ፎቶውን አየች፣ መለኪያውን አየች፣ ደረቷን መታ አድርጋ አወጣችው፦

ማሽላው ቁመቱ ተለክቶ አለቀ፣
ለኪው ቁመቱ ስንት ሆኖ ወደቀ?

ሕዝቡ ተቀበላት። ወርቁ የሚገባበት ጠፋው። ሙሉወርቅ ፎቶው ሥር ተንበርክካ ያንን የተሰነጠቀ ጥፍር በጣቷ ትነካለች። ይህ ሁሉ ሳያንስ ሽማግሌዎቹ እየመጡ እጁን ጨበጡት። "እሰይ የኔ ልጅ፣ እጁን እንኳ አስቀረህላት" አሉት። "አንተ ባትኖር ምን ይዛ ታለቅስ ነበር?" ለይላም በሸማዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች "አላህ ይስጥህ፣ ውለታህን አይርሳው" አለችው። ወርቁ ራሱን እየነቀነቀ "አሜን" ይላል። ተሰድቦ ቢሆን ይቻል ነበር። ምስጋናው ግን አንጀቱን በጠሰው፤ እናቱ ደግሞ ከወዲያ ሆነው እንዳትናገር ብለው ያዩታል።

በሳምንቱ ሽፈራው ከወልድያ ደወለ። ቢሮው ተዘርፎ ወንበር እንኳ አልቀረለትም፣ ሥራ ግን ጀምሯል። "ሳይታጨድ የቀረውን ማሽላ አንሳልኝ፤ ጉዳቱ ይታይ" አለው። "መለኪያው እንዳይረሳ፣ ያለ እሱ ቁመቱ አይታወቅም።"

ወርቁ እምቢ ሊል ነበር። ከዚያ የሚያውቀው ሥራ ሌላ እንደሌለ ትዝ አለውና መለኪያውን ከጎተራው ጥግ አንስቶ ወደ አዳነ ማሳ ወረደ። ግማሹ ታጭዷል። ግማሹ እንደቆመ ወፍ ጨርሶት፣ ራሱ ባዶ ሆኖ ይንኳኳል። ማጭዱ የቆመበት ቦታ በግልጽ ይታያል፤ ከዚያ ወዲህ አጭዶ፣ ከዚያ ወዲያ አላጨደም። ወርቁ መለኪያውን መሬት ላይ ሊተክል ሞከረ። መሬቱ ደርቋል። ዘመም ይልና ይወድቃል። ያነሣዋል፣ ይተክለዋል፣ ይወድቃል።

እማማ ደብሪቱ ለከብቶቹ አገዳ ይለቅሙ ነበር። ሸክማቸውን ጥለው መጡ።

"አምጣ። እኔ ልያዘው።"

"ተይው፣ እማ።"

"አምጣ ነው የምልህ!"

ያዙት። ወርቁ ወደ ኋላ ሄዶ ተንበረከከና በካሜራው አያቸው። እማማ ደብሪቱ ወገባቸውን አጠፉ። ራሳቸውን ወደ ጎን ቀለበሱ። እጃቸውን ብቻ ዘረጉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ከደጃቸው ሆነው ሲያዩት የኖሩት ነገር ነው።

"ልክ ነኝ? ከፎቶው ወጥቼልሃለሁ?" አሉት መሬት መሬት እያዩ።

ወርቁ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። "ቀና በይ፣ እማ" አለ። "ግቢ። ፊትሽን ነው የምፈልገው።"

ወዲያው ቀና አላሉም።

"እሱንስ አንድ ቀን እንዲህ ብለኸው ታውቃለህ?"

"አላልኩትም" አለ ወርቁ።

እማማ ደብሪቱ ቀስ ብለው ወገባቸውን አቀኑና ከመለኪያው ጎን ቆመው ካሜራውን አዩት። አልሳቁም። ወርቁ አነሳቸው።